ለአዳኝ ዓሣ ጎረቤት መምረጥ

በአራዳና በፒያሳ አካባቢ በአንዳንድ ካፌ፣ በሐኪም መጠበቂያ ክፍልና በመኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ወይም በተለምዶ አኳሪየም የምንለውን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖርበት ወርቃማው ዓሣ ነው። አልፎ አልፎ ግን ባለቤቱ ለየት ያለ ነገር ይሻና አገሩ ደቡብ አሜሪካ የሆነውን ኦስካር የተባለ ዓሣ፣ ገና የአውራ ጣት ያህል ሳለ ገዝቶ ከሌሎች ትናንሽ ዓሦች ጋር ይጨምረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በገንዳው ውስጥ የሚታየው አንድ ዓሣ ብቻ ይሆናል። ባለቤቱም «ቁጡ ነው፤ ጓደኞቹን ፈጃቸው» ብሎ በዓሣው ጠባይ ያመካኛል፤ አስከትሎም «ታዲያ ከየትኛው ዓሣ ጋር ይስማማል?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ለሥነ ሕይወት ባለሙያ የሚቀርብ ይመስላል። ሆኖም መልሱ በልኬት፣ በግፊት፣ በሙቀትና በጋዞች ሟሚነት የተሞላ በመሆኑ አንድ የፊዚክስ መምህር ጣልቃ ቢገባ አንባብያን ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

በውጭ አገር ለትምህርት በቆየሁበት ዘመን የዓሣ መደብሮች በየገንዳው ላይ «ሰላማዊ»፣ «ከፊል ቁጡ»፣ «ቁጡ» የሚሉ ጽሑፎችን ለጥፈው አይ ነበር። ይህ አከፋፈል ለሻጭ ይመች ይሆናል እንጂ ለገዢ ብዙም አይረባም። አንድ ተማሪ «የእንጨት የፍትጊያ ኮፊሸንት ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ትምህርቱ የገባው ከሆነ «በምን ላይ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል፤ ኮፊሸንቱ የሁለት ገጽታዎች እንጂ የአንዱ ብቻ ጠባይ አይደለምና። የዓሣ ቁጡነትም እንዲሁ ነው። ከማን ጋር? በምን ያህል ገንዳ? በምን ያህል ዕድሜ? እነዚህ ካልታወቁ «ቁጡ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እጅግ ጥቂት ነው።

አደንና ጠብ

ከሁሉ አስቀድሞ በተለምዶ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንድ ዓሣ ሌላውን የሚያጠቃው ሊበላው ፈልጎ ወይም ሊያባርረው ፈልጎ ነው። የመጀመሪያው አደን ነው፤ ያለ አንዳች ቁጣ የሚፈጸም የምግብ ጉዳይ። ሁለተኛው ጠብ ነው፤ የግዛት፣ የጎጆና የተጓዳኝ ጉዳይ። ሁለቱ በአንድ ዓሣ ላይ አብረው ሊገኙም ላይገኙም ይችላሉ።

ለአብነት ያህል በሐይቆቻችን በብዛት የሚጠመደውን ቆሮሶ እንውሰድ። ዋና ምግቡ አልጌና በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው። ይሁን እንጂ በመራቢያ ወቅት ወንዱ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ግዛት ያበጅና የተጠጋውን ሌላ ወንድ ሁሉ እየመታ ያባርራል። ሁለት ወንድ ቆሮሶዎች በጠባብ ገንዳ ውስጥ ቢገቡ አንዱ ሌላውን ለሞት ሊያበቃው ይችላል። በአንጻሩ በባሮ ወንዝ የሚገኘውን ፖሊፕቴረስ እንመልከት። ይህ እባብ መሰል ረጅም አካልና በጀርባው ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ክንፎች ያሉት ጥንታዊ ዓሣ ሥጋ በል ነው፤ በሌሊት የውኃውን ወለል በማሽተት እየዳሰሰ ትሎችን፣ ነፍሳትንና ትናንሽ ዓሦችን ይለቅማል። ለአፉ የማይመጥነው ዓሣ ግን አጠገቡ ቢያድርም በአብዛኛው አይነካውም። እንግዲህ ዕፅዋት በሉ ጠበኛ፣ ሥጋ በሉ ደግሞ ጨዋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪና እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የነበረው ኮንራድ ሎሬንዝ በመስታወት ገንዳ ውስጥና በባሕር ውስጥ የኮራል ዓሦችን ተመልክቶ፣ ግዛት ያላቸው ዓሦች አብዝተው የሚያጠቁት የራሳቸውን ዝርያ መሆኑን ጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመሳሳይ ምግብ፣ ተመሳሳይ ዋሻና ተመሳሳይ ተጓዳኝ የሚፈልገው ከሁሉ በላይ የራሱ ዝርያ ነው። በእኛ ዘንድ ግን «ብቻውን እንዳይከፋው» ተብሎ ለቁጡ ዓሣ ሁለተኛ ቢጤ ይገዛለታል። የሰው ርኅራኄ ነው፤ ዓሣው ግን የመጣለትን ጓደኛ የሚያየው እንደ ባላንጣ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ የአንዱ ቁጣ ሁሉ በሌላው ላይ ያርፋል። በሐይቅ ቢሆን ተሸናፊው ጥቂት ሜትር ዋኝቶ ከግዛቱ ይወጣና ነገሩ ያበቃል፤ በገንዳ ግን ከመስታወቱ ወዲያ የሚሸሽበት የለም፤ አሸናፊውም ሽንፈቱን እንዳልተቀበለ ቆጥሮ ማሳደዱን ይቀጥላል።

አፍና አካል

ዓሣ እጅ የለውም፤ አብዛኞቹ አዳኝ ዓሦችም የያዙትን ሳይቆርጡ እንዳለ ይውጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። የአዳኙ አፍ ሲከፈት ያለው ስፋት ከታዳኙ ጀርባ እስከ ሆዱ ካለው የአካል ቁመት ካነሰ መዋጥ አይቻልም። ሻጭ የሚነግረን የዓሣውን ርዝመት ነው፤ አዳኙን የሚያግደው ግን ቁመቱ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ዓሣ በቀላሉ ሲዋጥ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም ጠፍጣፋና ባለ ረጅም ቁመት ዓሣ ሊተርፍ ይችላል። ቆሮሶ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ቁመቱ ሰፊ ከመሆኑም በላይ የጀርባ ክንፉ እሾሆች ሲቆሙ የበለጠ ይሰፋል። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ ከዓሣ ቤት አንድ ሙሉ አምባዛና የተለያየ መጠን ያላቸው ሙሉ ቆሮሶዎች ገዝቶ በማስመሪያ ሊለካ ይችላል፤ የትኛው ቆሮሶ በአምባዛው አፍ እንደሚገባ በወረቀት ላይ ይወሰናል፤ የቤተ ሙከራው ዕቃም ለእራት ይሆናል።

አፍ ብቻውንም አይበቃም፤ ጉሮሮም አለ። የጣና ሐይቅ ይህን የሚያሳይ በዓለም ላይ አቻው እምብዛም የማይገኝ ምሳሌ አለው። በሐይቁ ከሚኖሩትና በሳይንሳዊ ስማቸው ላቤኦባርበስ ከሚባሉት 15 ዝርያዎች መካከል 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በአፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ነው፤ የጉሮሯቸውም መተላለፊያ ጠባብ ነው። በመሆኑም አፋቸው ሰፊ ሆኖ እንኳ የሚውጧቸው ከራሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትናንሽ የሆኑትን ዓሦች ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ አዳኝ ሊሆን የቻለው በከፊል ብርቱ ተቀናቃኝ ስለሌለው ነው ተብሎ ይታመናል፤ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ናይል ፐርች ያሉት የታችኛው ዓባይ አዳኞች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዷል።

አዳኙ አፉን ሲከፍት የሚሆነው ነገር ለፊዚክስ ተማሪ የሚያስደስት ነው። የአፉ ውስጣዊ መጠን በመቶኛ ሴኮንዶች ውስጥ በድንገት ይሰፋል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ ውኃው ታዳኙን ይዞ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ነገር ግን ውኃው ከየአቅጣጫው ስለሚሳብ ፍጥነቱ ከአፉ በራቅን ቁጥር በርቀቱ ካሬ መጠን ገደማ ይቀንሳል። የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት ከአፉ ደጃፍ የአፉን ስፋት ያህል ብቻ ርቆ ያለው ውኃ ፍጥነቱ ደጃፉ ላይ ካለው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አዳኙ ወይ አድፍጦ ወይ አሳድዶ እጅግ መቅረብ አለበት። በመካከላቸው አንድ ድንጋይ ወይም የዕፅዋት ጥሻ ካለ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ሕይወት ያድናል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ገዢ የሚዘነጋው ነገር አፉም የሚያድግ መሆኑን ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ሳለ የተገዛ ኦስካር 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ርዝመቱ 6 እጥፍ፣ የአፉም ስፋት የዚያኑ ያህል፣ ክብደቱ ግን 6 በ6 በ6፣ ማለትም 216 እጥፍ ይሆናል። የኦክስጅን ፍላጎቱ ከክብደቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ቢሆንም ከ50 እስከ 70 እጥፍ ይጨምራል። ገንዳው ግን ያው ነው። ጎረቤት መመረጥ ያለበት ዛሬ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለምናየው ዓሣ ሳይሆን ለሙሉው ዓሣ ነው።

ሐይቁና ገንዳው

ታዲያ አዳኝና ታዳኝ በተፈጥሮ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዴት አብረው ኖሩ? ይህን ጥያቄ በሒሳብ ከተነተኑት ቀዳሚዎች አንዱ የሮማው የሒሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ቪቶ ቮልቴራ ነበር። ነገሩ የመጣለት ከዓሣ ገበያ ነው። ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ዓሣ ማስገር ሲቀዘቅዝ፣ በአድሪያቲክ ወደቦች ገበያ የአዳኝ ዓሦች ድርሻ ከፍ ማለቱን አስተውሎ ምክንያቱን ጠየቀው። ቮልቴራ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተማቸው እኩልዮሾች የአዳኝና የታዳኝ ቁጥር እየተከታተለ እንደ ፔንዱለም ከፍና ዝቅ እንደሚል ያሳያሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ሎትካም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። (በነገራችን ላይ ቮልቴራ እ.ኤ.አ. በ1931 ለፋሽስቱ መንግሥት የታማኝነት መሐላ አንፈጽምም ካሉት ከ12 ያህሉ የኢጣልያ ፕሮፌሰሮች አንዱ ነው። ሰፈሯን በጣልያንኛ ቃል ፒያሳ ብላ ለምትጠራ ከተማ ይህ ስም እንግዳ ሊሆን አይገባም።)

እኩልዮሹን በመስታወት ውስጥ የፈተነው ደግሞ ሩሲያዊው ጌኦርጊ ጋውዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ሥራ ፓራሚሲየም የተባለውን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረትና እርሱን የሚበላውን ዲዲኒየም በአንድ ቱቦ አኖረ። ፔንዱለሙ አልታየም። አዳኙ ታዳኙን እስከ መጨረሻው ጨረሰና እርሱም በረኀብ አለቀ። ጋውዘ በቱቦው ታች ታዳኙ የሚሸሸግበት ዝቃጭ ሲጨምር ውጤቱ ተገለበጠ፤ የተሸሸጉት ፓራሚሲየሞች ተርፈው ተባዙ፤ አዳኙ ምግብ አጥቶ ጠፋ። በየጊዜው ከውጭ አዳዲስ አዳኝና ታዳኝ ሲጨምር ብቻ ከፍና ዝቅ የሚለው እንቅስቃሴ ታየ። የካፌው ገንዳ እንግዲህ መሸሸጊያ የሌለው የጋውዘ ቱቦ ነው።

ጫሞ ሐይቅ ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ ናይል ፐርችና ጥርሱ ከአፉ ውጭ የሚታየው ነብር ዓሣ ከቆሮሶ ጋር አብረው ይኖራሉ። ትናንሾቹ ቆሮሶዎች በዳርቻው ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውኃ ያድጋሉ፤ ትልልቆቹ አዳኞች ደግሞ ወደ ገላጣው ውኃ ያደላሉ። ታዳኙ ቁመቱ አድጎ ከብዙዎቹ አዳኞች አፍ እስኪያመልጥ ድረስ የሚቆይበት ሥፍራ አለው።

ስፋት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን የሚያስረዳው ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች በሰው እጅ ተጨመረበት፤ በ1980ዎቹ ቁጥሩ በድንገት ሲያሻቅብ በሌላ ሥፍራ ከማይገኙት ትናንሽ የሲክሊድ ዝርያዎች ወደ 200 የሚገመቱት ጠፉ ወይም ለመጥፋት ተቃረቡ። የሐይቁ መበከልም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከተረፉት መካከል የሚደንቁት በፓፒረስ ረግረጎች ውስጥ የተገኙት ናቸው። በረግረጉ ውኃ ያለው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው፤ ትልቁና ፈጣኑ ናይል ፐርች ሊተነፍስበት አይችልም፤ ትንሹ ታዳኝ ግን ይችላል። መሸሸጊያቸው ድንጋይ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ሆነ።

የአራዳ አየር

ይህ ኦክስጅን ወደ ከተማችን ይመልሰናል። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ውኃችን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በአራዳ የሚይዘው ከ6.1 ብዙም አይበልጥም። በውጭ አገር የተጻፉ የዓሣ አያያዝ መጻሕፍት ለአንድ ገንዳ የሚፈቅዱት የዓሣ ብዛት በዚህ ሒሳብ ሲታይ ከሩብ በላይ መቀነስ ይኖርበታል። ይህን የሚናገር የመደብር ጽሑፍ እስካሁን አላየሁም።

አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር ግን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ይዟል፤ ከአንድ ሊትር ውኃ ከ30 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ፖሊፕቴረስ ሳንባ አለው፤ አምባዛም አየር የሚስብበት ልዩ የመተንፈሻ አካል አለው። ሁለቱም ብቅ ብለው ስለሚተነፍሱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በውኃው ኦክስጅን እምብዛም አይሻሙም። በዚህ ከፍታ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። አምባዛን ግን ለገንዳ አልመክርም፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግና አፉ የቻለውን ሁሉ ሊውጥ ይችላል።

መቶ ሳንቲ ሜትር በሃምሳ በሃምሳ የሆነ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል። በውስጡ ሁለቱ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አዳኝ ዓሦች አሉ እንበል። በኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ በውኃው ያለው ጠቅላላ ኦክስጅን 1,500 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ግማሹ ካለቀ ጭንቀት ይጀምራል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ቢቆም፣ ከውኃው ገጽ የሚገባውን ሳንቆጥር፣ ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት የሚያቆይ ስንቅ ነው። ሙቀቱ ግን እንዲህ አያሰጋም። የውኃ የሙቀት ችሎታ ከፍተኛ ስለሆነ ይህን ገንዳ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የ200 ዋት ማሞቂያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ለመቀዝቀዝም ይዘገያል። ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍናል፤ የሚሻለው ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው።

ስለ ክብደቱም አንድ ቃል። ይኸው ገንዳ ከነመስታወቱ ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ሆኖ ግማሽ ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል፤ ይህም ከ5 ኪሎ ፓስካል በላይ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፍለት ጭነት 2 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች በተረፉት ባለ ጣውላ ወለል ፎቆች ላይ የሚኖር አንባቢ ገንዳውን ምድር ቤት ቢያደርገው ይመረጣል።

በዚህ ገንዳ ምን ይኑር? አንድ ጎልማሳ ኦስካር ብቻውን ይሞላዋል። አንድ የሴኔጋል ፖሊፕቴረስ፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው፣ ከወለሉ ስለማይርቅ በላይኛው ውኃ የሚዋኙ፣ ቁመታቸው ከአፉ የሚሰፋ ሦስት ወይም አራት መካከለኛ ዓሦችን ይታገሣል። ግዛት ያለው ነዋሪ ባለበት ገንዳ ውስጥ እንግዳ ሲገባ ድንጋዮቹን ሁሉ አንሥቶ እንደገና መደርደር ይረዳል፤ የነባሩ ካርታ ይጠፋበትና ሁለቱም እንግዳ ይሆናሉ። ድንጋዮቹ አንዱ ዓሣ ሌላውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እንዳያየው መጋረድ አለባቸው። ወርቃማውን ዓሣ ከኦስካር ጋር ማኖር በየትኛውም ሒሳብ አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፣ ሁለተኛው 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ለቀለብ እንኳ አይሆንም፤ በሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለ ዘወትር የሚበላው አዳኝ ይታመማል።

ገንዳው የጠበበው ኦስካርስ ወዴት ይሂድ? አንዳንዱ ሰው ለዓሣው አዝኖ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅን ያስባል። ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል፤ ካልተገኘ በሰው እጅ መሞቱ እንኳ ይመረጣል። ዛሬ በዝዋይ ሐይቅ የሚጠመዱት ካርፕና አምባዛ የሐይቁ ተወላጆች አይደሉም፤ በሰው ሥራ የገቡ ናቸው። ኦስካር ውኃው ወደ 13 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታል፤ ስለዚህ የቀበናን የክረምት ሌሊት መሻገሩ ያጠራጥራል። የዝዋይና የሐዋሳ ሐይቆች ውኃ ግን ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት እንዲህ ባለው ሙቅ ውኃ ውስጥ የተለቀቀው ኦስካር ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ ተራብቶ እስከ ዛሬ ይኖራል።